የሸራ ሰፊዋ ቋጠሮ

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ የባሕሩ ጦርነት በዕርቅ ሳይሆን በድካም በቆመ በማግስቱ ዓመት፣ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር በሚነፍስበት ወር አንድ ማለዳ፣ በወደቡ የድንጋይ ደረጃ ላይ አንድ ቤተሰብ ከነእንስሳቱ ተሰልፎ ይታይ ነበር። ፊተኛው የእርግብ ሹሙ ነው፤ እንደ ሕፃን የታቀፈው የሸምበቆ ቅርጫት ውስጥ ውስጡን ይንኮሻኮሻል፤ ሌሎቹን ቅርጫቶች ወዛደሮች ተሸክመው ይከተሉታል። ቀጥለው እናቱ ናቸው፤ ከካባቸው ሥር አንዲት ወፍራም ድመት ደብቀዋል፤ ድመቷ ግን በመደበቁ አሳብ አልተስማማችምና ጅራቷ በአንገትጌው ወጥቶ የአሮጊቷን አገጭ ይጠርግ ነበር። ከእሳቸው ኋላ ትልቋ ልጅ የውሻውን ገመድ ይዛ ቆማለች፤ ውሻው ገና ከመሬት ሳይለቅ ባሕሩን በማየቱ ብቻ ታሟል። በመጨረሻ ሕፃን ያዘለችው ሚስቱ፣ ሸራ ሰፊዋ፤ ጎረቤት ሁሉ ሲያለቅስ ጥርሷን መክደን ያቃታት እሷ ብቻ ነበረች።

«እኔ ኖኅ መሰልኳችሁ?» አለ የመርከቡ አለቃ፣ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቶ። «እርግቦቹ በወደቡ ሹም ትእዛዝ ይግቡ፤ ውሻውም ይሁን። ድመትን ከእርግብ ጋር በአንድ መርከብ የሚጭን ግን ማነው?»

«ይህቺ ድመት ከሥጋ ርቃለች፤ መንኵሳለች» አሉ አሮጊቷ።

«ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ ሲባል አልሰሙም እንዴ፣ እማማ?»

«እሱን ያለው አይጥ ነው፣ ልጄ። አይጥ አምነህ እኔን ልታሳፍር ነው?»

ወዛደሮቹ ሳቁ፤ የመርከቡ አለቃም ሳቁን ሲውጥ ድመቷ አለፈች።

ሸራ ሰፊዋ ጥርሷን ያልከደነችው ግን በድመቷ አልነበረም። ባሏ ከእሷ በፊት ሌላ ትዳር ነበረው፤ ያስተማረውን የአሮጌውን የእርግብ ሹም ልጅ አግብቶ፣ ልጅ ቢያጡ ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ ተለያይተዋል። ሰው ሁሉ «እንዲህ ነው መለያየት!» ብሎ አመሰገናቸው። ነገር ግን የመንግሥቱ እርግብ ቤት ያለው በዚያችው ሴት የአባት ቤት ሰገነት ላይ ነበረና፣ ትዳሩ ፈረሰ እንጂ ሥራው አልፈረሰም፤ የፈታት ሚስቱ እርግብ ቤቱን ትጠብቃለች፤ እሱም በየማለዳው የዚያኑ ቤት መሰላል ይወጣል። ማታ ሲመለስ ትከሻው ላይ የገብስ ትቢያ ይኖራል። ሸራ ሰፊዋ ደጃፉ ላይ ትቀበለውና በእጇ ታራግፍለታለች፤ ጎረቤትም «ባል አያያዝ ከእሷ ተማሩ» ይላል። እሷ ግን በልቧ «የማንን ቤት ትቢያ ነው የማራግፈው?» ትል ነበር። ያቺን ሴት ከግንብ ማዶ እንጂ በቅርብ አይታት አታውቅም፤ ቢሆንም በልቧ «ጣውንቴ» ብላ ትጠራታለች።

ታዲያ የጠላት መርከብ በሚያልፍበት በሩቁ የሙቀት ባሕር ላይ ባለ ደሴት የእርግብ ሰፈር ይቋቋም፣ ሹሙም ከነቤተሰቡ ወደዚያ ይዛወር የሚለው ትእዛዝ ሲወጣ፣ ባልየው አንገቱን ደፋ፤ አማቷ ፍራሻቸውን አቅፈው አለቀሱ፤ እሷ ግን መርፌዋንና ወስፌዋን ጠቅልላ ከሁሉ በፊት ተነሣች። ባሕር ያህል ግድግዳ ማን ሠርቶ ይሰጣታል?

ደሴቱ አረንጓዴ ነበር፤ አረንጓዴነቱ ዓይን እስኪያሰለች። የኮኮናት ዛፎቹ ሁሉ ወደ ባሕር ያዘነበሉ፣ አንድ ነገር ወድቆባቸው የሚፈልጉ የሚመስሉ ናቸው። ዝናቡ እንደ ገላ መታጠቢያ ውኃ ለብ ብሎ ይወርዳል፤ ቆም ሲልም ምድሩ ይጤሳል። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመው ቤታቸው ወለሉ ክፍተት ነበረውና ሸርጣኖች ከሥር ገብተው በምድጃው ዙሪያ ይዞራሉ፤ ውሻው እነሱን በማሳደድ ዕድሜው የታደሰለት መሰለ፤ ድመቷ ግን አንዱ አፍንጫዋን ከነከሳት ወዲህ ከአሮጊቷ አልጋ አልወርድም አለች። የበሩ ማጠፊያ በሳምንቱ ዛገ፤ ሸራ ሰፊዋ በሣጥን ያመጣችው ሸራ ሻገተ። ይህ ሁሉ ግድ አልሰጣትም። ባሏ ከእርግብ ቤቱ ወደ ምሳው የሚመጣው አሁን በግቢዋ ውስጥ አልፎ ነው፤ ትከሻው ላይ ያለውም ትቢያ የራሷ ቤት ትቢያ ነው።

ደስታዋ እስከ መጀመሪያው የጨረቃ መባቻ ቆየ። በዚያ ማለዳ የእርግብ ሹሙ አንዲት እርግብ አወጣ፤ በእግሯ ላይ ነጭ ክር ቋጠረ። ሕጉ እንዲህ ነበር፤ ነጭ ክር ሰላም ነው፤ ቀይ በሽታ፤ ጥቁር የጠላት መርከብ። ከዚያ ወፏን ወደ ደረቱ አስጠግቶ በላባዋ ላይ እፍ አለና «ሂጂ እናቴ፤ ቤትሽ በሰላም ግቢ» ብሎ ለቀቃት። ወፏ አንዴ ዞረች፤ ሁለተኛም ሳትዞር ወደ ሰሜን ቀጥ ብላ ሄደች።

ሸራ ሰፊዋ የዕቃ ማጠቢያውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። እርግብ ያደገችበትን ቤት እንጂ ሌላ እንደማታውቅ አጥታው አይደለም፤ የእርግብ ሹም ሚስት ይህ ይጠፋታል? ነገር ግን የጓዙ ጣጣና የራሷ ደስታ ጩኸት አስረስተዋት ነበር። እነዚህ ወፎች ሁሉ የዚያ ሰገነት ልጆች ናቸው። ባሏ እፍ ብሎ የሚለቃት እያንዳንዷ እርግብ ሄዳ የምታርፈው በዚያች ሴት ክንድ ላይ ነው። በደሴቱ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች አድገው፣ በመርከብ ወደ ወደቡ ተወስደው፣ ከዚያ ወደዚህ መብረር እስኪችሉ ድረስ መልእክቱ ከባሏ ወደ ጣውንቷ ብቻ የሚሄድ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

«በሰላም ግቢ የምትላት ለማን ነው?» አለችው፣ ሳህኑን እየጠረገች።

«ለወደቡ ሹም ነዋ።»

«የወደቡ ሹም እርግብ ክንዳቸው ላይ ያሳርፋሉ?»

«እሳቸው ለምን ያሳርፋሉ? እሷ ትቀበላለች፤ ሥራዋ ነው።»

«እሷ ማን?»

«አንቺ ደግሞ! ባሕር ተሻግረንም?»

«እኔ ነኝ የተሻገርኩት» አለች። «አንተማ በየወሩ ትመለሳለህ።»

ከወፎቹ ሁሉ ደግሞ የከፋችባት አንዲት ዓመድማ እርግብ ነበረች። ጫጩት ሳለች እናቷ ሞታ ያቺ ሴት እህል እያኘከች ከከንፈሯ አጉርሳ አሳድጋታለች፤ ከሁሉም ፈጣን ስለሆነች ለክፉ ቀን ትቀመጥ ተብሎ አትለቀቅም። ባሏ «ዓለሜ» ይላታል። እርግብ ቤቱ ሲገባ ትከሻው ላይ ትወጣና ጆሮውን ትለቅማለች። ሸራ ሰፊዋ በትዳር ዘመኗ ሁሉ «አንቺ»፣ ሲደሰትም «የልጆቼ እናት» ተብላ ታውቃለች፤ ዓለሜ ያላት የለም። በላባ መቅናት ለሰው የሚነገር አይደለምና ዋጥ አደረገችው፤ የዋጡት ነገር ግን ሁሉ አይፈጭም።

በዝናቡ ማብቂያ የቆላው ንዳድ የእርግብ ሹሙን ጣለው። ሸራ ሰፊዋ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበረደች፣ የኮኮናት ውኃ በማንኪያ እያጠጣች ከአጠገቡ አልተነሣችም። በአንዱ ቀትር ዓይኑ ተከፍቶ፣ ግን እሷን ሳያይ፣ እንዲህ አለ፦

«ገብሱን ከነርጥበቱ ትሰጫቸዋለሽ? ስንቴ ልንገርሽ፤ አንጀታቸውን ያበሰብሰዋል እኮ። ነይ በይ፣ መሰላሉን ያዥልኝ።»

የፍቅር ቃል ቢናገር ንዳድ ነው ብላ ታልፈው ነበር። ይህ ግን ቁጣ ነው፤ ባልና ሚስት በየቀኑ የሚቆጣጡት፣ ማንም የማይሰማው፣ ማንም የማያስታውሰው ተራ ቁጣ። እሷን በእህል ተቆጥቷት አያውቅም። መሰላል ያዥልኝ ብሏትም አያውቅም።

በሽታ ሲገባ ቀይ ክር መላክ ግዴታ ነበር። ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ያቺ ሴት ቀዩን ክር አይታ ስትደነግጥ፣ ስለ ባሏ ስትጨነቅ ታያትና፣ ጭንቀቱን እንኳ ለማካፈል እጇ አልፈታ አለ። «መታመሙም የእኔ ነው» አለች፤ ተነሥታም ወደ እርግብ ቤቱ ገባች፤ ዓለሜን ያዘች። ወፏ ሞቅ ያለች፣ ልቧ በጣት ሥር የሚመታ፣ ምንም የማታውቅ ነበረች። በእግሯ ላይ ምንም አላሰረችም። ምን ትሰር? ባዶ እግር ምን ይናገራል? ዝም አይነቅዝም።

«ወደ እናትሽ ሂጂልኝ» ብላ ለቀቀቻት። ተመልሳም ከጎጆው የለቀመቻቸውን ላባዎች ድመቷ በምትተኛበት አልጋ ሥር በተነች።

ንዳዱ ሲለቀው ባልየው መጀመሪያ የጠየቀው ዓለሜን ነበር። ልጅቷ ላባዎቹን አመጣች። አሮጊቷ ድመታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ማንም እንዳይነካት።

«በጆንያ ከትቼ ባሕር ነው የምጥላት!» አለ፣ ለመነሣት እየሞከረ፣ ጉልበቱም እየከዳው።

«እሷን ስትጥል እኔንም ጨምረህ ጣል» አሉ እናቱ። «ሸርጣን ፈርታ ከአልጋ የማትወርድ ድመት ናት ያን ከፍታ ወጥታ እርግብ ያነቀችው? ክንፍ ካበቀለች አላየሁም።» ይህን ሲሉ ልጃቸውን አይደለም ያዩት፤ ምራታቸውን ነው።

ባልየው ግን ከትራሱ ላይ ተመልሶ ወደቀና በረጅሙ ተነፈሰ። «ድመቷ ከበላቻትስ ተመስገን ነው። አምልጣ ባዶ እግሯን ቤቷ ገብታ ቢሆንስ?»

«ባዶ እግሯን ብትገባ ምን ይሆናል?» አለች ሸራ ሰፊዋ።

«ይህን የምናውቀው እኔና የወደቡ ሹም፣ እዚያ ያለችውም ብቻ ነን። ባዶ እግር ማለት የሚቋጥረው እጅ የለም ማለት ነው። ሰፈሩ ጠፋ፣ ድረሱ ማለት ነው። ጦሩ በሙሉ ይነሣል። በሐሰት ጦር ያስነሣ የእርግብ ሹም ደግሞ የመሰቀያ ገመድ ነው የሚጠብቀው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስለዚህ ጠግባ ትተኛ፣ ድመቷ።»

ሸራ ሰፊዋ እንሥራውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ልንገረው? ከነገረችው በነጭ ክር ሌላ እርግብ ይልካል፤ ነገሩ ይበርዳል። ግን «ለምን ለቀቅሻት?» ይላታል። ያን ጊዜ ያንን ሁሉ ዓመት የዋጠችውን፣ ትቢያውን፣ መሰላሉን፣ ዓለሜ መባሉን ልትዘረግፍለት ነው፤ እሱም በእርግብ የቀናች ሴት ብሎ ሊስቅባት ነው። ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች።

የወጣችው ግን ወደ ውኃው አልነበረም። እርግብ ቤቱ ገብታ አንዲት ነጭ እርግብ ያዘች፤ ነጭ ክር ወስዳም ቋጠረች። የባሏ ቋጠሮ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ወዲያው የሚፈታ፣ የወፍ እግር የማይጎዳ ነበር፤ ይህን መቼ ልብ ብላ አይታው? እጇ የሚያውቀውን ሠራ። ክሩን ደርባ ጠመዘዘች፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ቀበረች፤ በጥርሷም አጠበቀችው። ከአባቷ የተማረችው፣ በማዕበል የማይለቅ፣ ሲረጥብ የባሰ የሚጠብቅ የሸራ ሰፊ ቋጠሮ ነበር። እርግቧ ወደ ሰሜን ስትሄድ አይታ፣ ነገሩ በረደ ብላ ውኃዋን ልትቀዳ ወረደች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን መጣሏን ያወቀችው መርከቦቹ በአድማስ ላይ በታዩ ጊዜ ነው። አንድ ሁለት አይደሉም፤ ባሕሩ በሸራ ተሞላ። የመድፎቻቸው አፍ ተከፍቶ ወደ ደሴቱ ዞሯል። ጀልባዎች ወረዱ፤ ወታደሮች ውኃውን እየረገጡ ወጡ፤ ያገኙትም በዱላ ተደግፎ የቆመ አንድ የገረጣ ሰው፣ አንዲት አሮጊት ከነድመታቸው፣ ሁለት ልጆች፣ በጅራቱ የሚቀበላቸው ውሻና ሸራ እየሰፋች የነበረች አንዲት ሴት ነበር።

ከባሕር ጦሩ አዛዥ ኋላ፣ ቅርጫት ታቅፋ፣ ያቺ ሴት መጣች። እጅና ወፍ የምትለይ እሷ ናትና ይዘዋት መጥተዋል። ሸራ ሰፊዋ ዓይኗን ነቅላ አየቻት። አጭር ናት። ፀጉሯ ውስጥ ገለባ አለ። ቆንጆ አይደለችም፤ ይህም ባሰባት፤ በቁንጅና የተያዘ ሰውማ ቁንጅናው ሲረግፍ ይለቃል። ያቺ ሴት የእርግብ ሹሙን በሕይወት ቆሞ ስታየው አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁጭ አለች እንጂ። ቅርጫቱን ግን አልለቀቀችም።

«መጀመሪያ ባዶ እግር እርግብ መጣች» አሉ አዛዡ። እንቅልፍ ካጡ የሰነበቱ፣ ድምፃቸው የሻከረ ሰው ነበሩ። «እኛ ስንመክር ሌላዋ መጣች፤ ነጭ ክር አላት፤ እግሯ ግን አብጧል። ይህቺ ሴት ክሩን በመቀስ ቆርጣ አሳየችን። 'ይህን የቋጠረ ባሕር ያውቃል፤ ወፍ አያውቅም' አለችን። እንግዲህ ምን እንበል? ደሴቱን የጠላት መርከበኛ ይዞ ሰላም ነው እያለ ሊያታልለን ነው አልን። ወደቡን ባዶ ትተን መጣን። አሁን የማየው ድመትና ውሻ ነው። የእርግብ ሹም፣ መልስህ ምንድን ነው?»

ባልየው ወደ እርግብ ቤቱ፣ ከዚያ ወደ ድመቷ ተመለከተ። «ጌታዬ፣ የሚሆነውን አላውቅም። ታምሜ ነበር። ቢሆንም በዚህ ደሴት የሚቋጥረው እጅ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

ያቺ ሴት በዚህ ጊዜ ቀና ብላ ነበር። ዓይኗ ሸራ ሰፊዋ መዳፍ ላይ ባለው፣ መርፌ በምትገፋበት ቆዳ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በጉልበቷ ላይ በተዘረጋው ሸራ፣ በስፌቱ መጨረሻ ባለው ቋጠሮ ላይ። የሁለቱ ዓይን ተገናኘ። ሸራ ሰፊዋ «አለቀልኝ» አለች በልቧ።

«ጌታዬ» አለች ያቺ ሴት፣ ተነሥታ አሸዋውን ሳታራግፍ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ እርግብ ቤቱን እንዳልነጠቅ ብዬ ደብቄያችኋለሁ። ዓለሜ ስትገባ ክሯ በሰገነቱ ላይ ወድቆ ይሆናል፤ አላየሁም። የሁለተኛዋም ቋጠሮ የእሱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኋችሁ።»

ሸራ ሰፊዋ በዕድሜዋ የለመነችው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ተሰጣት። ዝም ብትል ያቺ ሴት ከእርግብ ቤቱ ትወጣለች፤ ከዚያም በኋላ የባሏ ትንፋሽ ያረፈባት ወፍ በዚያ ክንድ ላይ አታርፍም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ነገር ግን ባሏን አየችው። ባሏ ያቺን ሴት እያየ ነበር፤ ባሕር እንደ ዋጠውና ድንገት ገመድ እንደ ተጣለለት ሰው። ይህ ስጦታ ቤቷ ከገባ እንደማይወጣ ያን ጊዜ ተረዳች። እንጀራቸውን ሲቆርሱ የእሷ ስጦታ ነው፤ ልጅ ሲድሩ የእሷ ስጦታ ነው፤ ሲያረጅ፣ ሲሞትም፣ ያቺ ያተረፈችው ሰው ሆኖ ይሞታል።

«ውሸቷን ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሸራው ከጉልበቷ ወደቀ። «ዓይኗ ከእኔ ዓይን ይሻላል! ወፏን የለቀቅኋት እኔ ነኝ፤ የቋጠርኩትም እኔ ነኝ። ለዚህ ሰው የሚሞት ከተፈለገ ሚስቱ እኔ አለሁ፤ ሰው አልተዋስኩም!»

አንድ ወታደር ሳቁ አመለጠው። አዛዡ አንዷን አዩ፤ ሌላዋን አዩ።

«ጦር ሜዳ ላይ ሰው በስንቅ ሲሻማ አይቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በገመድ ሲሻማ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ቋጥረሽ አሳዪ ተብላ ክር ተሰጣት፤ በአዛዡ ጣት ላይ ቋጠረችው፤ እሳቸውም ሊፈቱት ሞክረው አልሆነላቸውም። አሮጊቷም ድመቷን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «ሰማሽ? ስምሽ ተመለሰ» አሏት።

ፍርዱ በወደቡ ችሎት ይሰጣል፤ ሸራ ሰፊዋ ታስራ ትሄዳለች ተባለ። ነገር ግን መርከቦቹ ሳይነሡ ሰማዩ እንደ አሮጌ ቁስል ቢጫ ሆነ። መርከበኞቹ ይህን መልክ ያውቁታልና መርከቦቹን ሁሉ ደሴቱ እንደ ታጠፈ ክንድ ከከበበው ውስጠኛ ውኃ አስገቡ። ዐውሎው በቀትር መጣ። የኮኮናት ዛፎች መሬት እስኪስሙ ጎነበሱ፤ የቤቱ ጣሪያ ግማሹ ሄደ። እርግብ ቤቱ ሊነቀል ሲል ሸራ ሰፊዋ ጠባቂዎቿን ጥላ፣ ሸራዋን እየጎተተች ሮጠች፤ ውስጥ ስትገባ ያቺ ሴት ቀድማት በሁለት እጇ የበሩን መቃን ይዛ አገኘቻት። ሸራውን በጎጆዎቹ ላይ ወጠሩት፤ ጫፍ ጫፉን ሸራ ሰፊዋ ቋጠረች። ከዚያም የሚሠራ ጠፍቶ፣ ጎን ለጎን፣ ጀርባቸውን ለሸራው ሰጥተው ተቀመጡ።

«ለምን ዋሸሽልኝ?» አለች ሸራ ሰፊዋ፣ በነፋሱ ላይ እየጮኸች።

«ለአንቺ አይደለም።»

«ልጆቹን አይተሽ ነው?»

ያቺ ሴት አሰበች። «እንዲያ ብልሽ ጥሩ ነበር። አይደለም። ለሱ ነው።»

ሸራ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ትቃጠላለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ተቃጠለችም። ነገር ግን ከቃጠሎው ሥር ሌላ ነገር፣ የዕረፍት ዓይነት ነገር መጣ። ስንት ዓመት «የሌለ ነገር ታያለሽ» ሲባል የኖረችው! «ስለዚህ እብድ አልነበርኩም» አለች።

«አልነበርሽም።»

«እሱስ ያውቃል?»

«እሱ?» አለች ያቺ ሴት። «እሱ ከእርግብ በቀር ምን ያውቃል?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁም ቶሎ ቆመ፤ አብሮ መሳቅም ለሸራ ሰፊዋ ሌላ የሚያስቀና ነገር ነበርና። እሷም ይህን ሰው ታውቀዋለች፤ እኩል ታውቀዋለች።

«ቋጠሮሽን አሳዪኝ እስኪ» አለች ያቺ ሴት ቆይታ። «በጥርሴም አልፈታ ብሎኝ ነው የቆረጥኩት። ገመድ ነጠቅሽኝ፤ ይህን እንኳ አትንፈጊኝ።»

ክፉም ቢሆን ሥራ ሥራ ነውና፣ አሳየቻት።

ዐውሎው ሲያልፍ መርከቦቹ ሁሉ በደኅና ተገኙ። ወደ ወደቡ ሲደርሱ ግን ወደብ የሚባል አልነበረም፤ የድንጋዩ ደረጃ ተሰባብሯል፤ ታስረው የቀሩት የንግድ መርከቦች አንዱ በሌላው ላይ ወጥተው ደቅቀዋል። ጦሩ እንደ ልማዱ በወደቡ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አንድ ሸራ ባልተረፈ ነበር። ሕዝቡ ከፍርስራሹ ላይ ወጥቶ አዛዡን በእልልታ ተቀበለ፤ ሰማዩን አስቀድመው አንብበው ጦሩን ያወጡ ጥበበኛ አላቸው። እሳቸውም ጣታቸውን ይነካኩ ነበር ይባላል፤ ክሩ ገና አልተፈታም ነበርና። ለወደቡ ሹም ምን እንደ ተናገሩ አልታወቀም፤ ሸራ ሰፊዋ ግን ችሎት ሳትቀርብ በሚቀጥለው መርከብ ወደ ደሴቱ ተመለሰች፤ ጦሬን ያንቀሳቀሰው የሴት ቅናት ነው የሚል የጦር አዛዥ የለምና። ያቺ ሴት የአባቷን ሰገነት ጣሪያ ራሷ መልሳ ከደነች፤ በደሴቱ ተፈልፍለው አድገው ከዚያ ያመጣቻቸውንም እርግቦች ገብሱን አድርቃ ቀለበች።

ባልየው ስለ ሆነው ነገር አንድም ቀን አልጠየቃትም። አንድ ማለዳ ብቻ፣ የእርግብ ቤቱን ጣሪያ ሲጠግን፣ ወደ ማጠቢያው ዞሮ «ነይ በይ፣ መሰላሉን ያዥልኝ» አላት። ያዘችለት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ አንድ ቀትር ላይ፣ የመጀመሪያዋ የደሴት እርግብ ከሰሜን መጣች። ባልየው ከታች ነበረ፤ የተቀበለቻት ሸራ ሰፊዋ ናት። በእግሯ ላይ ነጭ ክር አለ። ቋጠሮው የሸራ ሰፊ ቋጠሮ ነው፤ ተደርቦ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተቀበረ፤ ሆኖም አንዱ ጫፍ በትንሹ ተርፏል፤ ሲስቡት ይፈታል፤ የወፏም እግር አላበጠም። ሸራ ሰፊዋ ክሩን ሳትፈታ ቆየች። ከዚያ፣ ማንም እንዳላያት አረጋግጣ፣ የወፏን ደረት ወደ ጉንጯ አስጠጋች፤ የማን ትንፋሽ እንዳለበት ልትፈትን። የባሕር ሽታ ብቻ ነበር።

«ምን ትላለች?» አለ ባሏ ከታች።

«ሰላም ነው ትላለች» ብላ ክሩን መዳፏ ላይ ባለው የመርፌ መግፊያ ቆዳ ሥር ደበቀችው፤ ለእሱ አላሳየችውም።

አዛዡ በወደቡ ላይ ሐውልት ቆመላቸው፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ሰማይ ይጠቁማል፤ ከሥሩም የአየሩን ምልክት ተረድተው ጦሩን ያዳኑበት ዓመት ተቀርጿል። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ስለ ሙቀቱ ደሴት አንድ ዐረፍተ ነገር አለው፤ በዚያ የእርግብ ሰፈር ነበር ይላል። የሽቦው መልእክት፣ ቴሌግራፉ፣ ከመጣ በኋላ ሰፈሩ ተዘጋ፤ እርግቦቹም ባለቤት አልባ ሆነው በወደቡ ላይ ተዋልደው በዙ፤ ዛሬም በዚያ ድንጋይ ሰው ትከሻ ላይ ዓመድማና ነጭ ሆነው ይሰፍራሉ። እግራቸው ባዶ ነው። መንገደኛ ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ የሚናገሩት ነገር አለ ብሎም ሳያስብ ያልፋል።